የአባት ሸክላ ሲገኝ፦ አዳማ ላይ ከማጫወት በፊት የሚደረገው

ከቁምሳጥን ላይ የወረደ ካርቶን ተከፍቶ የአባት ወይም የአክስት ሸክላ ሲገኝ የሁሉም ሰው እጅ የሚሮጠው ወደ ማጫወቻው ነው። እባካችሁ አትቸኩሉ። ያ ሸክላ ሃምሳ ዓመት ጠብቋል፤ ሁለት ቀን ቢጨመርበት ምንም አይሆንም። ሳይታጠብ ከተጫወተ ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ የሚደርስበት ጉዳት በምንም አይመለስም። «ሸክላ ብዙ ሲሰማ ያልቃል» የሚለውን አባባል አልቀበለውም። በንጹሕ መርፌና በልኩ ክብደት የተጫወተ ሸክላ ከገዛው ሰው ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ ይደርሳል። የሚገድለው ከነአቧራው መጫወት፣ ሙቀትና የተበላ መርፌ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ደግሞ አዳማ ላይ በሽ በሽ ናቸው።

የአዳማ አፈር የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ አመድና ፐሚስ (ቀላል፣ ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ያለበት ነው። በጣት ሲታሽ ዱቄት ይመስላል፤ ጠርዙ ግን የተሰበረ መስተዋት ነው። በጋ ላይ ነፋሱ ሲነሳ በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ይገባል፤ ኮረብታው ላይ ተርባይኖቹ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። መርፌዋ የምትሄድበት የሸክላ ቦይ ከራስ ፀጉር አይሰፋም። መርፌዋ የምትጫነው በሁለት ግራም ያህል ቢሆንም የምታርፈው ዓይን በማያየው ነጥብ ላይ ስለሆነ ግፊቱ ከመኪና ጎማ ግፊት እጅግ ይበልጣል። በዚያ ግፊት የአመዱ ቅንጣት ለስላሳው የቦይ ግድግዳ ውስጥ ይቀበራል፤ ካልሆነም ግድግዳውን ቧጥጦ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያ ቦታ በደረሰ ቁጥር ይንጫጫል፣ ቢታጠብም አይለቅም።

ሌላው ነገር ከቤታችን የሚነሳ ነው። ቡና የሚቆላውና ዕጣን የሚጨሰው አብዛኛውን ጊዜ ማጫወቻው ባለበት ሳሎን ነው። የቡናው ቅባትና የዕጣኑ ሙጫ በጭስ መልክ ሄደው ሸክላው ላይ ያርፋሉ፣ አቧራውንም እንደ ሊጥ ያቦኩታል። ሸክላውን ወደ መስኮት አዘንብላችሁ ስታዩት ጥቁሩ ገጽ ላይ የደበዘዘ ቡናማ ግርዶሽ ካለ እሱ ነው። እርጥብ ነጭ ጥጥ በቦዩ አቅጣጫ አንዴ ብታስኬዱበት ጥጡ ሻይ የፈሰሰበት መስሎ ይመጣል። ይህን ደረቅ ብሩሽ አያነሳውም። ቡናው አይቅር፤ ሸክላው ግን በክዳን ይሸፈን፣ ጭሱ እስኪወጣም ከመያዣው አይውጣ።

ከማጠብ በፊት በእጃችሁ ያለው ምን እንደሆነ ለዩ። ስህተቱ ውድ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። ከባድ፣ ደረቅና እንደ ስሙ እንደ ሸክላ የሚሰበር፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ከሆነ የተሠራው ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከ100 ዓመት በፊት ጀርመን ሄደው ያስቀረጹት በዚህ ዓይነቱ ላይ ነበር። ሼላክ በአልኮል ይሟሟል፤ ስለዚህ አልኮል ያለበት ማንኛውም ፈሳሽ እንዳይነካው። መርፌውም ሌላ ነው፦ ለ78 የሚሆነው ጫፍ ወደ 76 ማይክሮን፣ ለቪኒል የሚሆነው ወደ 18 ማይክሮን ነው። ቀጭኗ መርፌ በሰፊው ቦይ ወለል ላይ ስትንሸራተት የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። በቤቶቻችን በብዛት የሚገኘው ግን ትንሹ፣ ባለ 45 ዙሩ ቪኒል ነው፤ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ በ1969 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ከእሱም፣ ከፊሊፕስም፣ ከካይፋም የወጣው። ካሴት ሲመጣ እነዚህ ተቀመጡ። ብዙዎቹ ዳግመኛ በሸክላ አልታተሙም። በእጃችሁ ያለው ኮፒ የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችል አስባችሁ ያዙት።

አሁን ወደ ማጠቡ። ለቪኒል የምጠቀምበት ልክ ይህ ነው፦ 1 ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 100 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል (99 በመቶ የሆነው)፣ ሦስት ጠብታ ቀለም የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። ልኩን ከፋርማሲ በሚገዛ ሲሪንጅ ለኩ እንጂ በዓይን አትገምቱ። ሳሙናው የሚገባው ውሃው ተንጠባጥቦ እንዳይቀር፣ ወደ ቦዩ እንዲገባ ነው። ከበዛ ራሱ ቦዩ ውስጥ ይደርቅና አዲስ ቆሻሻ ይሆናል። አልኮሉ የሚገባው ለቡናና ለዕጣን ቅባቱ ነው። ካልተገኘ ይቅር፤ በውሃና በሳሙና ብቻ ደግማችሁ እጠቡ። በምትኩ ሳኒታይዘር አታድርጉ። ውስጡ እጅ እንዳይደርቅ የሚጨመር ግሊሰሪን አለው፣ እሱም አይተንም፤ ሸክላው ላይ ተጣብቆ አቧራ ይሰበስባል። ቀለም የገባበት ስፒሪትም እንዲሁ ይቅር።

ውሃው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቧንቧው ውሃ ከአዋሽ የመጣ ነው፤ ሲደርቅ ማዕድኑን ጥሎ ይሄዳል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ሸክላው ላይም ይቀራል። በጣም ለተበላሸ፣ ጭቃ ለነካው ሸክላ የመጀመሪያውን እጥበት በቧንቧ ውሃ ማድረግ ይቻላል፣ የመጨረሻው መታጠቢያ ግን የግድ የተጣራ ውሃ ይሁን። ርካሹ ምንጭ የመኪና መለዋወጫ ቤት ነው፤ ለባትሪ የሚጨመር ተብሎ ይሸጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ዕቃ እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሻጩን በግልጽ ጠይቁ፣ ጽሑፉን አንብቡ፣ በእጅም በአፍም አትሞክሩ። ውሃ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ንጹሕ መስተዋት ላይ አንድ ጠብታ አድርቁ። ምልክት ካልተወ ደህና ነው፣ ነጭ ክብ ከተወ የተጣራ አይደለም።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን፣ ከሁለት ሰዓት በፊት፣ ነፋሱ ሳይነሳ። መስኮት ዝጉ፣ ቬንትሌተር አጥፉ። ንጹሕ ፎጣ አንጥፉ፣ ሸክላውን አስተኙ። መሃል ያለውን ወረቀት ውሃ እንዳያገኘው ተጠንቀቁ፤ ትንሿ ሸክላ ላይ ወረቀቱ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ትልቁ ላይ 10 ነው፣ ከዚያ ትንሽ የሚሰፋ የፕላስቲክ ክዳን ገልብጣችሁ መሃሉ ላይ ብትጭኑ ይከላከላል። ፈሳሹን ቦዩ ላይ እየዞራችሁ አንጠባጥቡና አንድ ደቂቃ ተዉት፤ ቅባቱ የሚላቀቀው በመቆየት እንጂ በመፈተግ አይደለም። ከዚያ አዲስ፣ ለስላሳ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቀለም ብሩሽ ይዛችሁ በቦዩ አቅጣጫ 10 ጊዜ ወደ ቀኝ፣ 10 ጊዜ ወደ ግራ አዙሩ። ከመሃል ወደ ውጭ አቋርጦ መጥረግ የለም። አቋርጣችሁ ስትጠርጉ ቅንጣቱ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየዘለለ ይቧጥጣል። በመጨረሻ ሁለት ጊዜ በንጹሕ የተጣራ ውሃ አለቅልቁ፣ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ሳትፈትጉ በመጫን ብቻ ውሃውን አስመጥጡ፣ በሳህን መደርደሪያ ላይ አቁማችሁ ለአንድ ሰዓት አድርቁ። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ቃሪያ አይደለም። አንድ ሊትሩ ለ15 ያህል ትንንሽ ሸክላ ይበቃል፣ ብሩሹንና ጨርቁን ግን በየአምስቱ እጠቡ፤ አለበለዚያ የአንዱን ጭቃ ወደ ሌላው ታሸጋግራላችሁ።

ከታጠበ በኋላ ወደ አሮጌው መያዣ መልሶ መክተት ልፋቱን ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል፤ አቧራው ያለው እዚያ ነው። የካርቶኑን ሽፋን ለብቻው አስቀምጡ፣ ሸክላውን በአዲስ ስስ ላስቲክ ወይም በንጹሕ ነጭ ወረቀት ክተቱ። ላስቲኩ ሲታሽ ኮሽ ኮሽ የሚለው ዓይነት ይሁን። ወፍራሙ፣ የሚያንጸባርቀውና ሽታ ያለው ፕላስቲክ ለስላሳ እንዲሆን የተጨመረበት ዘይት በሙቀት እየወጣ ሸክላው ላይ ጉም የመሰለ ምልክት ያትማል፣ ይህ ደግሞ አይታጠብም። ጋዜጣ በፍጹም አይሁን።

ማስቀመጫን በተመለከተ ብዙ አልልም። ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ አይደራረቡ፣ አይዘንበሉ። ቪኒል 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ እየተጫነ ከሆነ ከዚያም በታች ይጣመማል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቁምሳጥን አናት ላይ የሚቀመጥ ሸክላ ሚያዝያን አይሻገርም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት እንኳ አይተው። ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ ስትመጡ ዳሽቦርድ ላይ ሳይሆን ጭናችሁ ላይ አድርጉት። ቤት ውስጥ ጥሩው ቦታ ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር፣ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደርደሪያ ነው። ከፍ የሚደረገው ወለል ሲታጠብ እንዳይረጥብና ምስጥ እንዳይደርስበት ነው። ምስጥ ቪኒሉን አይነካም፤ ሽፋኑን ግን ከነፎቶው ይጨርሰዋል። በወር አንዴ ከመደርደሪያው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ተመልከቱ፤ እርሳስ የሚያህል የአፈር መስመር ሽቅብ ከታየ መጥቷል ማለት ነው።

ወደ ማጫወቻው እንምጣ። አሮጌው የሻንጣ ማጫወቻ አብሮ ከተገኘ እንደ ዕቃ አክብሩት እንጂ ሸክላውን አትስጡት። ክንዱ ከ5 ግራም በላይ ይጫናል፣ መርፌውም ሰንፔር ከሆነ ዕድሜው ከመቶ ሰዓት አይዘልም፤ ያ ሰዓት ካለቀ ደግሞ ቆይቷል። አሁን በየሱቁ የሚታዩት ቀለማ ቀለም የሻንጣ ማጫወቻዎችም አብዛኞቹ ከዚህ አይሻሉም። መፈለግ ያለበት ክንዱ ኋላው ላይ የሚዞር ክብደት ያለው፣ ካርትሪጁም (መርፌዋን ይዞ ንዝረቷን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ማግኔታዊ የሆነ ነው። የዳይመንድ መርፌ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ያገለግላል። በቀን አንድ ሰዓት ለሚያደምጥ ሰው ይህ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። አዳማ ላይ ዝቅተኛውን ቁጥር ያዙ።

ክብደቱን ማስተካከል አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የመርፌዋን መከላከያ አውልቁ፣ አንቲስኬት የሚባለውን፣ ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚከላከለውን ማዞሪያ ዜሮ ላይ አድርጉ። የኋላውን ክብደት እያዞራችሁ ክንዱ እንደ ሚዛን ሳይወርድም ሳይወጣም አየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጉ። እዚያ ላይ ክብደቱን ሳታንቀሳቅሱ ቁጥር ያለበትን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አምጡ። ከዚያ ክብደቱንና ቀለበቱን አንድ ላይ አዙራችሁ ካርትሪጁ የሚጠይቀውን ግራም አድርሱ። ለምሳሌ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ-ቪኤም95ኢ 2 ግራም ነው፣ ኤቲ3600ኤል 3.5 ድረስ ይሄዳል። አንቲስኬቱንም በዚያው ቁጥር አድርጉት። «ሸክላዬን እንዳይጎዳ» ብሎ ክብደቱን ከልኩ በታች ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። የቀለለ መርፌ ቦዩን ይዞ መሄድ አቅቶት ይንጣጣል፤ ግድግዳውን የሚሰብረውም ያ መንጣጣት ነው። ጥርጣሬ ካለ ወደ ላይኛው ገደብ ጠጋ ማለት ይሻላል። መርፌዋን ደግሞ በየሸክላው ከኋላ ወደ ፊት፣ ወደ ክንዱ ጫፍ አቅጣጫ ብቻ፣ በትንሽ ብሩሽ ጥረጉ። ወደ ጎን ከተገፋች ዘንጓ ይጣመማል።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማጫወቻ ካላችሁ ይህን አንቀጽ በጥሞና አንብቡት። ብዙ ሰው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቶ ይሰካና ዘፈኑ ይጎተትበታል፤ ሴቷ ድምፃዊት ወንድ ወንድ ትላለች። ሸክላው አልተበላሸም። ትራንስፎርመሩ የሚቀይረው ቮልቱን ብቻ ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ነው፤ ፍጥነቱን በመብራቱ ኸርዝ የሚለካ ሞተር ደግሞ እኛ ጋ ሲመጣ በስድስተኛ እጅ ይዘገያል። 33⅓ የነበረው 27.8፣ 45 የነበረው 37.5 ይሆናል። ድምፁም በፒያኖ ሦስት ቁልፍ ያህል ይወርዳል። መፍትሔው ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለውን፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሌጃ መቀየር ነው፦ አዲሱ ከድሮው 1.2 እጥፍ ይስፋ። 10 ሚሊ ሜትር የነበረው 12 ይሁን። ቶርኖ ቤት ከነሐስ ይሠራላችኋል፤ የድሮውን በካሊፐር ለክታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለቱም እርከን፣ የ33ቱም የ45ቱም፣ እንዲሠራ ንገሯቸው። ከትንሽ አስማሚ 12 ቮልት ዲሲ የሚወስድ ማጫወቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ቮልቱና ዋልታው (የፖዘቲቭና የኔጌቲቩ አቀማመጥ) አንድ የሆነ የ220 አስማሚ መግዛት ይበቃል።

ፍጥነቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። ሸክላው የሚያርፍበት ሳህን ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፣ ሸክላ እየተጫወተ፣ ሰዓት ይዛችሁ ለሦስት ደቂቃ ቁጠሩ። በ33⅓ ልክ 100፣ በ45 ልክ 135 ዙር መሆን አለበት። 98 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ መጀመሪያ ቺንጋውን ተመልከቱ፤ ሙቀት ያላላዋል። በጣም ያረጀ ከሆነም ቀልጦ እንደ ሬንጅ ፑሌጃው ላይ ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ በአልኮል አጽድቶ መቀየር ነው። ርዝመቱን በክር ለኩና 5 በመቶ ያህል ቀንሱለት። የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ አትተኩ። ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ድምፁ ይዋዥቃል።

ማግኔታዊው ካርትሪጅ የሚያወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ነው። ቀጥታ ወደ አምፕሊፋየሩ ኦክስ ከሰካችሁት ድምፁ የሞተና ባስ የሌለው ይሆናል፤ መሃል ላይ ይህን ደካማ ድምፅ የሚያጎላና ባሱን የሚመልስ ፎኖ ፕሪአምፕ ያስፈልጋል። ከማጫወቻው የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ፕሪአምፑ ላይ ባለው ብሎን ካልታሰረ «እምምም» የሚል ድምፅ አይጠፋም። መብራት ሲሄድ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ሻማ መፈለግ ሳይሆን ክንዱን ማንሳትና ማጥፊያውን መጫን ይሁን። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ የሚወዘውዘው ቮልት ሳህኑን መርፌዋ እንደተቀመጠች ሲያስነሳው አይወደድም፣ ስፒከሩንም በአንድ ጥፊ ይጥለዋል።

ሌላ ሰው የያዘውን ሸክላ ለመግዛት ስታስቡ አንድ አምፖል ሥር አዘንብላችሁ ተመልከቱ። ስስ ጭረት ብዙ ጊዜ አይሰማም። ጥፍር ላይ የሚሰማ ጭረት ግን ባለ 45 ዙሩ ላይ በየ1.33 ሰከንዱ ቋ ይላል። ከጭረት የበለጠ የምፈራው የቦዩን መሽበት ነው፦ ጥቁሩ አመድማ ሆኖ አብረቅራቂነቱ ከጠፋ በተበላ መርፌ ብዙ ዓመት ተጫውቷል፤ የቡና ቤት ሸክላ እንዲህ ነው። እንዲያጫውቱላችሁ ጠይቁና ሰ፣ ሸ እና ጸ ላይ ጆሮ ስጡ። ድምፃዊው «ሰ» ባለ ቁጥር ጥፍጥፍ እያለ የሚሰነጠቅ ከሆነ ያ እጥበት አያድነውም። መሃሉ ሰፊ ቀዳዳ ከሆነም አትዘኑ፤ ቀዳዳው 38 ሚሊ ሜትር ነው፣ ውስጡ 7.2 የሆነ ማስገቢያ ቶርኖ ቤት ከፕላስቲክ ያወጣላችኋል። ልክ መሃል ላይ ካልዋለ ግን ዜማው ከፍ ዝቅ ይላል።

ታጥቦ፣ መርፌው ተስተካክሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወት ያኔውኑ ቅዱት። ከፕሪአምፑ ወደ ኮምፒውተር በድምፅ ካርድ አስገቡ፣ ኦዳሲቲ በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ላይ 24 ቢት፣ 96 ኪሎ ኸርዝ አድርጉ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ 6 ዴሲቤል በታች እንዲቀር ልኩን አውርዱ። አንድ ደቂቃ ወደ 35 ሜጋባይት ይይዛል፤ የአራት ደቂቃ ገጽ 140 ገደማ ነው። ዋናውን ጥራት በማይቀንሰው በፍላክ ወይም በዌቭ አስቀምጡ፣ ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒ3 ከዚያ አውጡ። ሸክላው ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ ያለው) ከሆነ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ደምሩ፤ የሁለቱ ጩኸት የተለያየ ስለሆነ ሲደመር ይቀንሳል፣ ድምፁ ግን ይጠነክራል። የጩኸት ማጥፊያውን በዋናው ቅጂ ላይ አትጠቀሙ፤ ከጩኸቱ ጋር የመሰንቆውንና የሳክስፎኑን ጫፍ ይዞ ይሄዳል።

የሸክላው ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስም፣ ቀን ወይም የቡና ቤት ቁጥር ካለ አትፋቁት። ፎቶ አንሱትና ከፋይሉ ጋር አስቀምጡት፣ በፋይሉ ስም ላይ ድምፃዊውን፣ አሳታሚውን፣ ቁጥሩን፣ ገጽ ሀ ወይም ለ መሆኑን፣ በእስክሪብቶ የተጻፈውንም እንዳለ ጨምሩበት።